ደብዳቤ ለልጄ፦ ለመመለስ ከመወሰንሽ በፊት

ልጄ፣ የኔ እናት፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። «እማዬ፣ አገሩ ሰላም ሆኗል እያሉ ነው፤ ብንመለስ ምን ይመስልሻል?» ብለሽኛል። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ኖሬአለሁ። ግን በዚህ ጉዳይ እኔን ብቻ ሰምተሽ እንዳትወስኚ። ናፍቀሽኛል። ልጆችሽን በፎቶ እንጂ በአካል አላውቃቸውም። የናፈቀ ሰው ደግሞ ጎርባጣውን መንገድ ሁሉ ደልዳላ አድርጎ ነው የሚያየው። ስልክ ላይም ሁሉንም አልነግርሽም። እንዳትጨነቂ ብዬ የምተወው አለ፤ ሌላ ጆሮ ይሰማ ይሆናል ብዬ የምውጠውም አለ። አንቺም እዚያ የሚደርስብሽን ሁሉ እንደማትነግሪኝ አውቃለሁ። እንደ አንድ ምስክር ስሚኝ፤ በአንድ ምስክር ግን አይፈረድም።

ባለፈው የላክሽልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ድልድዩ ተጠግኖ መኪና ሲያልፍበት ያሳያል። ከሥሩም «መንገዱ ተከፍቷል፣ ሕዝቡ እየተመለሰ ነው» የሚል ጽሑፍ አለው። ድልድዩ እውነትም የእኛው ነው። ግን በስተቀኝ በኩል ያ ትልቁ ዛፍ ቆሞ ይታያል። ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ አሁን ያለው ጉቶው ነው። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ እንደገና ተጎድቶ ዛሬ የሚያልፍበት እግረኛ ብቻ ነው። ቪዲዮውን የለጠፈው ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። ብቻ የድሮውን እንደ ዛሬ አድርጎ አቅርቦታል። ስለዚህ ቲክቶክም ሆነ ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ስታዪ መጀመሪያ «መቼ ነው የተቀረጸው? ማን ነው የቀረጸው?» በይ። ቦታውን ለሚያውቅ ሰው ላኪውና ያሳይሽ። አንቺ ያላየሽውን ዛፍ እሱ ያየዋል።

«ተመለሱ» የሚልሽንም ሰው ምን እንደሚያገኝበት አስቢ። የአገር ቤት መንግሥት ስደተኛው ሲመለስ ሰላም መስፈኑን ያሳይበታል። ያስጠጋሽ አገር ሸክሙ ይቀልለታል። ደላላው ገንዘቡን ያገኛል። ውጭ ያለው ተቃዋሚ ደግሞ ማንም ባይመለስ ይመርጣል። ሁሉም ይዋሻሉ አላልኩም። ግን አንዱን በሌላው አመሳክሪ። ጥቅማቸው የማይገጥም ሁለት ወገኖች ተመሳሳይ ነገር ሲነግሩሽ ያኔ ጆሮ ስጪው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት (ዩኤንኤችሲአር) ቢሮ ስትሄጂ አንድ ጥያቄ አትርሺ፦ «እናንተ መመለሱን እያበረታታችሁ ነው ወይስ ለጠየቀ ሰው እያመቻቻችሁ ብቻ?» ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ድርጅቱ እ.አ.አ በ1996 ባወጣው የበፈቃድ መመለስ መመሪያ ሁለቱን ለይቷቸዋል። የሚያበረታታው ሰዎች በደኅንነትና በክብር መመለስ የሚችሉበት ሁኔታ አለ ብሎ ሲያምን ነው። ማመቻቸት ግን አገሩ ገና ባይረጋጋም ሊኖር ይችላል፤ ሰውየው ራሱ ልመለስ ካለ ያግዙታል። አውቶብስ ተዘጋጀ ማለት አገሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ስለ ዳዳብ ያነበብኩት ከልቤ አልወጣም። ከኬንያው ዳዳብ መጠለያ ወደ ሶማሊያ ስለሚመለሱ ሰዎች የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.አ.አ በ2016 ባወጣው ዘገባ፣ ስደተኞቹ ስለሚሄዱበት ቦታ ጸጥታ ትክክለኛ መረጃ እያገኙ እንዳልነበር ጽፏል። ሄደው እንደገና የተሰደዱም ነበሩ። ሁለተኛው ስደት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ያጠራቀሙትንም የምዝገባ ወረቀትንም ያሳጣል።

ማንበብ ስለምትወጂ ይህን ልጨምር። ሬፍወርልድ የሚባለው የዩኤንኤችሲአር መዝገብ አለ። ኢኮይ ዶት ኔት የሚባለውን ድረ ገጽ ደግሞ የኦስትሪያ ቀይ መስቀል ያዘጋጀዋል። ሁለቱም በነጻ ይከፈታሉ፤ የየአገሩን ሁኔታ የሚገልጹ ዘገባዎች እዚያ ተሰብስበዋል። እርዳታ የት እንደደረሰና የት እንዳልደረሰ ለማወቅ ሪሊፍዌብ የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታት ድረ ገጽ እዪ። ስታነቢ ዘገባው የወጣበትን ቀን ብቻ አትዪ። መረጃው የተሰበሰበው መቼ ነው? በዚህ ወር የወጣ ዘገባ የአምና ነገር ሊሆን ይችላል። ደግሞም እነዚህ ዘገባዎች በብዛት የሚጻፉት የጥገኝነት ጥያቄ ለሚመረምሩ ሰዎች ነው። ስለ አገሪቱና ስለ ክፍለ ግዛቱ ይነግሩሻል። ስለ እኛ መንደር የሚነግርሽ ሰው ብቻ ነው።

ለሰው ስትደውዪ ታዲያ «እንዴት ነው አገሩ?» አትበዪ። «ደህና ነው» ይልሻል፤ ሌላ ምን ይበል? ጠባብ ጥያቄ ጠይቂ። ትንሹ ልጅሽ አስም አለበት። «ጤና ጣቢያ አለ?» ካልሽ «አለ» ይሉሻል። «ባለፈው ወር ኢንሄለር ነበረ? ካለቀ የት ይገኛል? ማታ መንገዱ ያስኬዳል?» በይ። ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። ተከፍቷል ሲሉሽ ስንት ክፍል መምህር አለው፣ በምን ቋንቋ ያስተምራል፣ ልጆቹ እዚያ የተማሩበትን ወረቀት ይቀበላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ስለ ቤታችን ደግሞ «ቆሟል ወይ» ሳይሆን «ማን ነው የሚኖርበት» በይ። መሬት ያለው ሰው ከሆነ ፈንጂ ተጠርጓል ወይ፣ ማን ነው የጠረገው፣ ወረቀት አለው ወይ ይበል። ከብት ገባበት ማለት ተጠርጓል ማለት አይደለም።

በተለይ ተመልሰው የመጡትን ፈልጊ። ከእነሱ የሚበልጥ ምንጭ የለም። በመጡ ሳምንት ሳይሆን ከወራት በኋላ አነጋግሪያቸው። መጀመሪያ ላይ እርዳታው አለ፣ የዘመድ ደስታ አለ። ቆይቶ ነው ሁሉም የሚታየው። ስንቶቹ እዚያው ቆዩ? ስንቶቹ ሌላ ከተማ ሄዱ? ስንቶቹስ እንደገና ድንበር ተሻገሩ? ደግሞ እንደ አንቺ ያለውን ሰው ጠይቂ። የነጋዴው ልጅ በሰላም ገባ ማለት የባልሽ ዓይነት ስም ያለበት ሰው በሰላም ይገባል ማለት አይደለም። ምሕረት ታውጇል ከተባለ የአዋጁን ቃል ራሱን አንብቢ። ማንን ይጨምራል? ማንን ይተዋል? በምሕረቱ አምኖ የገባ ሰው ዛሬ የት ነው? ወንዱ ልጅሽም ለውትድርና የሚጠራበት ዕድሜ ላይ እየደረሰ ነው። ይህን አስቀድመሽ አጣሪ።

ሄዶ አይቶ መመለስ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በዘፈቀደ አይደረግም። እ.አ.አ በ2023 ከምያንማር ወደ ባንግላዲሽ ከተሰደዱት ሮሂንጋ የሚባሉ ሰዎች 20ዎቹ ወደ ምያንማር ሄደው የተዘጋጀላቸውን ቦታ አይተው ነበር። ሲመለሱ ዜግነታችን ካልተረጋገጠ አንገባም አሉ። ቤቱን አይተዋል፤ ጥያቄያቸው ግን ሌላ ነበር። ቱርክም እ.አ.አ በ2025 መጀመሪያ ከእያንዳንዱ የሶሪያ ስደተኛ ቤተሰብ አንድ ሰው ሄዶ አይቶ እንዲመለስ ፈቅዳ ነበር፤ ያላቸውን ከለላ ሳያጡ። ያለ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ መሄድ ግን ሌላ ነው። እ.አ.አ በ1951 በወጣው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት መሠረት በፈቃዱ እንደገና በአገሩ መንግሥት ጥበቃ ሥር የገባ ወይም ተመልሶ የሰፈረ ሰው ስደተኛነቱ ሊቀር ይችላል። ለጥቂት ቀን መጥተሽ «እንግዲያማ አደጋ የለብሽም» ሊሉሽ ይችላሉ። የአገር ቤት ፓስፖርት ማውጣትም ጥያቄ ያስነሳል። ኤምባሲ ሄደሽ ስምሽን ከመስጠትሽ በፊት የስደተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ። በነጻ የሚረዱ አሉ፤ ዩኤንኤችሲአርን ጠይቂ።

የመመለሻ ቅጹንም ፈጥነሽ አትፈርሚ። ከፈረምሽና ከሄድሽ በኋላ ነገሩ ባይሆን እዚያ እንደገና ይመዘግቡሻል ወይ? መልሱን በግልጽ ተቀበዪ። ባልሽ ፈርሟል ተብሎም አንቺ አትታለፊ፤ የራስሽን ሐሳብ ለብቻሽ ተናገሪ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ በእጅሽ አድርጊ። እነዚህ ከሌሉ እዚህ ልጆቹን ዜጋ ለማሰኘት ትንከራተቺያለሽ። ማንም «በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወሰናችሁ» እያለ ቢያጣድፍሽ፣ ወይም ራሽኑን ቀንሶ ቢያስጨንቅሽ፣ ያ በፈቃድ መመለስ አይባልም። ሕይወት ወይም ነጻነት አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር ስደተኛን አስገድዶ መመለስን ያው ስምምነት በአንቀጽ 33 ይከለክላል።

እኔስ ምን ላድርግልሽ? ጥያቄዎችሽን ጻፊልኝ። ዞሬ እጠይቃለሁ። በዓይኔ ያየሁትን «አየሁ»፣ የሰማሁትን «ሰማሁ» ብዬ ለይቼ እጽፍልሻለሁ። ስልክ ላይ የማይባለውን በታመነ ሰው እልካለሁ። ለእኔ ብለሽ ግን አትቸኩዪ። እናቴ አረጀች፣ ሳላገኛት እንዳትሞት የሚለው ሐሳብ እንደሚያንገበግብሽ አውቃለሁ። እኔንም ያንገበግበኛል። ቢሆንም ልጆችሽን ይዘሽ ከምትንከራተቺ እኔ ብናፍቅ ይሻለኛል።

የኢንሄለሩን ነገር ነገ ጤና ጣቢያው ሄጄ እጠይቃለሁ። የመድኃኒቱን ስም ከካርቶኑ ላይ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ