የወርክሾፓችን ጣሪያ ወርዷል፤ እንደገና መጣንባችሁ

ውድ አባላትና ወዳጆች፣

«ደግሞ ምን ሊሉ ነው» እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም መለመን ሰልችቶናል። ግን የጋራ ወርክሾፓችን ጣሪያ በሌሊቱ ዝናብ ወርዷል። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ጠዋት ስንገባ ወራጁ ቶርኖው፣ ማለትም ብረት መቅረጫ ማሽኑ ላይ ተኝቷል። ምስጥ ውስጥ ውስጡን በልቶት ኖሮ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። የአናጢዎች ቤት በእንጨት ምክንያት መውደቁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳፍሮናል።

ያለፈው መዋጮ የት ገባ የምትሉ አላችሁ። መጠየቃችሁ ልክ ነው። ቶርኖው፣ ሁለቱ የብየዳ ማሽኖች፣ የመብራት መስመሩና የሲሚንቶው ወለል በዚያ ገንዘብ ነው የተሠሩት። ጣሪያውን ለቀጣዩ ዙር አቆየነው፤ ቀጣዩ ዙር ደግሞ መንገድ ላይ ቀረ። ጥፋታችን ይኼ ነው። ደረሰኙ ግን አንድ በአንድ አለ፤ መጥታችሁ እዩ። ከዚህ ሙያ ተምረው ወጥተው ዛሬ ሌላ ሰው የቀጠሩ ልጆችም አሉ፤ እነሱን ጠይቁ።

ገንዘብ የምታስገቡት በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ።

አንዳንዱ «ዕቃው ከውጭ ይመጣ የለ፣ ምን አደከማችሁ» ይለናል። ይመጣል። ሲሰበርስ? ጥርሷ የረገፈ አንዲት ማርሽ ፋብሪካ ታቆማለች። የሚቀርጻት ሰው ከሌለ ምንዛሪ ይፈለጋል፣ መርከብ ይጠበቃል፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይውላል። ቶርኖ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን ሥራው በቶሎ ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የፕሮቴስታንቶችን እምነት ሲከለክል፣ ሐር ሸማኔውና ሰዓት ሠሪው ሳይቀር ወደ እንግሊዝ፣ ሆላንድና ፕሩሺያ ተሰደደ። ሙያውም አብሮት ሄደ፤ የተጠቀሙት ተቀባዮቹ ናቸው። በዚያችው ፈረንሳይ የኖትርዳም ካቴድራል ጣሪያ በ2019 ሲቃጠል ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ተገኘ። ገንዘብ ግን ግንድ አይጠርብም። የኦክ ግንዱን እንደ ጥንቱ በመጥረቢያ የጠረቡት፣ ሙያውን ሳይጥሉ ያቆዩ አናጢዎች ናቸው። ካቴድራሉ በ2024 ተከፈተ። የእኛ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ያን ያህል አያስቸግርም።

ወንጌል ጌታን ጸራቢ ይለዋል። ቁርኣንም ብረት ለነቢዩ ዳውድ እንደተለሰለሰለትና ጥሩር (የብረት የጦር ልብስ) እንደሠራ ይናገራል። ከዚህ በላይ ምን እንበል?

ይቅርታ፣ ልንደግመው ነው፦ በማኅበሩ ስም፣ «ለጣሪያ» ተብሎ። በማንም የግል ሒሳብ አትላኩ፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዧ ላኩላት።

ገንዘብ ያልሞላለት ቅዳሜ ጠዋት መዶሻውን ይዞ ይምጣ። ቶርኖውን ሸራ አልብሰነዋል፤ ከፍርስራሹ የለቀምነውን ምስማር እያቃናን ነው።

የወርክሾፑ ኮሚቴ