የልጄ ቅዳሜ እንደ 3 ሰዓት ይቆጠራል

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የኮሌጅ ስፖርተኞች ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው በሚል ያወጣችሁትን አስተያየት ማታ ከሥራ ስመለስ አነበብኩት። ጸሐፊው ነፃ ትምህርት ማግኘታቸው በቂ ነው ይላሉ። ልጄ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ይሮጣል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነፃ የሚባለው ትምህርት ለሁሉም ነፃ አይደለም። እዚህ አሜሪካ እስከ 2025 ድረስ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች አትሌቲክስ ቡድን፣ ሯጩም ዘላዩም ወርዋሪውም፣ በድምሩ የሚካፈለው 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ልጄን የደረሰው የአንዱ ሩብ ነው። ቀሪውን እኔና አባቱ በትርፍ ሰዓትና በብድር እንሸፍናለን።

ሥራው ደግሞ ሙሉ ሥራ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ደንቡ ልምምድና ውድድር በሳምንት ከ20 ሰዓት አይለፍ ይላል። ጉዞ ግን አይቆጠርም። የውድድር ቀን ደግሞ የቱንም ያህል ቢረዝም የሚመዘገበው 3 ሰዓት ተብሎ ነው። ልጄ ቅዳሜ በጠዋት ሜዳ ይገባል፤ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ አድሮ ሰኞ ፈተና ይቀመጣል። እኔ ነርስ ነኝ። 12 ሰዓት ቆሜ ውዬ 3 ሰዓት ብቻ ቢጻፍልኝ አልቀበልም።

ይህ የዛሬ ነገር አይደለም። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል ወጣት ለኮሎራዶው ፎርት ሉዊስ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሰው የሚሰጠውን ካሳ ጠየቀች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከለከላት፤ ሟቹ የኮሌጁ ሠራተኛ አልነበረም ተባለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ ሴት ትታየኛለች።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል። ደስ ብሎኛል። ትልቁ ድርሻ ለአሜሪካ እግር ኳስና ለቅርጫት ኳስ ቢሄድም አልቃወምም፤ ስታዲየሙን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። የሚያሳዝኑኝ ከባሕር ማዶ በተማሪ ቪዛ መጥተው የሚሮጡት ልጆች ናቸው። ገንዘቡን ቢቀበሉ ቪዛቸው አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ጓደኞቻቸው ሲከፈላቸው ቆመው ያያሉ።

እንደ ልጄ ላሉት ልጆች ግን ከደመወዙ በፊት የምጠይቀው ሕክምና ነው። ልጄ በሁለተኛ ዓመቱ የቅልጥሙ አጥንት ተሰነጠቀ። ትምህርት ቤቱ አሳክሞታል፤ ይህን አልክድም። ከ2024 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቹ ስፖርተኛው ከወጣ በኋላም ለስፖርት ጉዳቱ ቢያንስ ለ2 ዓመት የማሳከም ግዴታ አለባቸው። በ20 ዓመቱ የተጎዳ ጉልበት ግን የሚብሰው በ40 ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየሳምንቱ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ላይ ለዚህ የሚሆን ቢቀመጥ ምን ይጎድላል?

አሰልጣኙ ልጄን ሊያስፈርም ቤታችን የመጣ ቀን ቡና አፍልቼ፣ ምሳ አቅርቤ ተቀበልኩት። ስለ መኝታው ጠየቅኩት፤ ስለ ምግቡም ጠየቅኩት። ልጄ ተመርቆ ከወጣ በኋላ እግሩን ማን እንደሚያሳክመው ግን ሳልጠይቅ ሸኘሁት። ዘንድሮ አሰልጣኝ ቤታችሁ የሚመጣ ወላጆች፣ እባካችሁ ቡናው ሳይቀዳ ይህን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

የአንድ ሯጭ እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ