ስለ ቀዝቃዛው ፕላዝማ ለአባየ

ይድረስ ለአባየ፤ እንደምን ሰነበቱ? ጤፉስ ታጨደ?

ያለ ቢላዋ የቆዳ ካንሰር ያድናል ስለተባለው መብራት የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍሁልዎት፤ ልጆቹ ቀስ ብለው ያንብቡልዎት።

መሣሪያው እውነት አለ፤ ቀዝቃዛ ፕላዝማ ይባላል። አርጎን የሚባል ጋዝ እስክሪብቶ በሚመስል እጀታ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ያገኘውና ጫፉ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በታች ነው። ብርሃኑ ከአየር ጋር ሲገናኝ ሴል የሚያጠቁ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ውሁዶች ይፈጠራሉ። የካንሰር ሴል ድሮውንም እነዚህ ስለሚበዙበት፣ ሲጨመሩበት ከጤነኛው ቀድሞ ይሞታል ነው ሐሳቡ። በላቦራቶሪና በአይጥ ላይ ታይቷል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቁስሉ ታጥቦ ቅርፊቱና መግሉ ይነሣል፤ ካልተነሣ ውሁዶቹን እሱ ይመጥጣቸውና ሥጋው ጋ አይደርሱም። ከዚያ የብርሃኑን ጫፍ እያስነኩ ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ማዞር ነው። አንድ ቦታ ከቆመ ይፈጃል።

ችግሩ ላይ ላዩን እንጂ ወደ ጥልቁ አለመዝለቁ ነው። ጀርመን አገር የተሠራው እንዲህ ያለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቃድ ያገኘው ለማይሽር ቁስልና ለቆዳ ኢንፌክሽን እንጂ ለካንሰር አይደለም። ግራይፍስቫልድ በምትባል የጀርመን ከተማ ያሉ ሐኪሞች በአንገትና በፊት ካንሰር የቆሰሉ ሰዎች ላይ ሞክረውት ሽታውና ሕመሙ ቀለል ያለላቸው ነበሩ፤ ያ ግን ማስታገሻ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጀርሙን ገድሎ ቁስሉን ሲያደርቀው፣ ከሥር ካንሰር ካለ ተሸፍኖ ይሄዳል።

የእርስዎ የእግር ቁስል የወጣው በድሮው የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጠባሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ስኳመስ ሴል ወደሚባለው የቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ናሙና ይወሰድ። በማደንዘዣ ነው፤ አያምም። ቁስሉ ከጤነኛው ቆዳ ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ፣ ከአንድ በላይ ቦታ እንዲወስዱ ይጠይቋቸው፤ ከመካከሉ ብቻ ከሆነ የሞተ ሥጋ ይወጣና «ካንሰር የለም» ሊባል ይችላል። ናሙናው እንዳይበላሽ 10 በመቶ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይግባ፤ ፈሳሹም የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። በውኃ ከላኩት ይበላሻል። ብሽሽትዎ ላይ ንፍፊት ካለ ሳይጠየቁ ይንገሯቸው።

ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ዋናው ሕክምና ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ቆርጦ ማውጣት ነው። ቢላዋውን አይሽሹት፤ ሲዘገይ ነው እግር የሚያስቆርጠው።

የቁልቋል ወተት መቀባቱንም ይተዉ፤ ሥጋውን አቃጥሎ ምርመራውን ያስቸግራል።

ውቂያው ይለቅ አይበሉኝ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይሂዱ፤ እዚያ ካልተቻለ ባሕር ዳር ይጻፉልዎት። የፓቶሎጂውን፣ ማለት የናሙናውን ምርመራ ውጤት ወረቀት እንደተቀበሉ ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ።

ልጅዎ