ጓሳ ላይ ለደረሳችሁልን የመንዝ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

መጀመሪያ፣ ለደወላችሁና ለጠየቃችሁን ሁሉ፦ ደህና ነን። አባዬ ሳሉ ለቆታል፣ ትንሿም ትምህርቷን ጀምራለች።

ላልሰማችሁ፣ አባዬ ያደገበትን አገር ለልጅ ልጆቹ ላሳይ ብሎ ነው መንዝ፣ ሕዝቡ ወደሚጠብቀው የጓሳ ሣር ምድር የሄድነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እያየን ወደ ላይ ስንወጣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ መጣና ወዲያው መተያየት አቃተን። የበልጉ ካፊያም ተከተለ። ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ልብስ ከራሰ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ በጉም ውስጥ ቆሞ ሰው ይመስላል፤ ልጆቹ «ያውና ሰው!» ብለው ይጣራሉ፣ ስንጠጋ ጅብራ ነው። ፍልፈል የቦረቦረው መሬት ላይ የአባዬ እግር ገባና ወለም አለው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ እንዳለ እናውቃለን፣ ምሥራቁ ግን የት እንደሆነ ጠፍቶናል።

ወንድማችን የጓሳው ጠባቂ፣ «ባላችሁበት ቁሙ!» ያልከው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኛ እየጮህን፣ አንተ እየመለስክ፣ በድምፅ ብቻ ደረስክልን። የራስህን በርኖስ አውልቀህ ለአባዬ አለበስከው፣ ትንሿን አዘልክ፣ እሱን በክንድህ ደግፈህ፣ የምንጩን ድምፅ እያዳመጥክ አወረድከን። አንተ በሸሚዝ ነበርክ። ይህን ስጽፍ እንባዬ ይመጣል።

እማማ፣ እርስዎ ማን ናችሁ እንኳን ሳይሉ እሳት አነደዱልን። ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ የጓሳ ሣር ክዳኑ ጠብ አላደረገም። ልጆቹን በዝተት ጠቅልለው የገብስ አጥሚት አጠጧቸው፣ ወጌሻም አስጠሩ። ገንዘብ ስናወጣ «የእግዜር እንግዳ ይሸጣል እንዴ?» ብለው ተቆጡን።

ጓሳ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ቀይ ቀበሮው ነው። ተገቢ ነው። ግን የመንዝ ሰው ያን ሣር ለ400 ዓመት ያህል በራሱ ሥርዓት ጠብቆ፣ ዘግቶ እያሳደረ፣ ሲከፈት በጋራ እያጨደ ነው እዚህ ያደረሰው። ዛሬም በውርጭና በጉም የሚዞሩት ልጆቹ ናቸው። ጫማቸውን አይቻለሁ፣ ለዚያ ተራራ የሚሆን አይደለም። ልትጎበኙ የምትሄዱ፣ እባካችሁ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ ይዛችሁላቸው ሂዱ።

በርኖሱን አጥበን ከቦት ጫማ ጋር በመሐል ሜዳ መኪና ልከናል፤ ለእማማም ቡናና ስኳር አለበት። እነሱ ስልክ ላይ አያነቡም፣ የአካባቢው ልጆች ይህን አንብቡላቸው። አባዬ ለመስቀል እመጣለሁ ብሏል፣ እግሩ ከጠናለት እናመጣዋለን።