ስለ ባለ ሁለት ሞተሩ አውሮፕላን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ከቤትሽ አጠገብ የሚያጓራው ምንድን ነው?» ብለው እንደ ጠየቁኝ መስመሩ ስለ ተቋረጠ፣ መልሱን በጽሑፍ ላድርስዎት።

ድምፁ ከሃኖቨር በስተ ምዕራብ ካለው ከቩንስቶርፍ ጦር አየር ጣቢያ የሚመጣ ነው። ጣቢያው የጀርመን አየር ኃይል ኤ 400 ኤም የተባሉ ግዙፍ ማመላለሻ አውሮፕላኖች መቀመጫ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ አውሮፕላን አራት ሞተር፣ በእያንዳንዱም ሞተር ላይ እንደ ማጭድ የቆለመሙ ስምንት ምላጮች አሉ። አንዱ ሲነሣ ረከቦቴ ላይ ያሉት ስኒዎች ይንቀጫቀጫሉ፤ ጎረቤቶቼ ግን ለምደውት ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

ጣቢያውን መሥራት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1934፣ በሂትለር ዘመን፣ ለቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ነበር። ከዚህ ወደ እስፓኝ ከተላኩት በራሪዎች መካከል በሚያዝያ 1937 ጌርኒካ የተባለችውን ከተማ ባጋየው፣ ኮንዶር ሌጌዎን በተባለው የጀርመን አየር ጦር የተሰለፉ ነበሩ። ይህ የሆነው ማይጨው ላይ በተዋጋን በዓመቱ ነውና፣ ከሰማይ የሚወርድ እሳት ለእኛም እንግዳ አልነበረም። ጀርመን ስትሸነፍ ጣቢያውን እንግሊዞች ያዙት። በሰኔ 1948 ሶቪየት ኅብረት የምዕራብ በርሊንን መንገድ ስትዘጋ፣ ለቦምብ የተሠራው ይኸው ሜዳ ለተራበው ሕዝብ ምግብና የድንጋይ ከሰል መጫኛ ሆነ፤ ከበባው እስከ ግንቦት 1949 ዘልቋል። ጀርመኖች ጣቢያውን የተረከቡት በ1958 ነው። በነሐሴ 2021 ደግሞ ከካቡል ከ5,000 በላይ ሰዎችን ያወጡት አውሮፕላኖች ሥራቸውን ፈጽመው ያረፉት እዚሁ ነበር።

እርስዎን የሚመለከተው ግን በመካከል ያለው ዘመን ነው። አዲሶቹ አውሮፕላኖች መግባት የጀመሩት በታኅሣሥ 2014 ሲሆን፣ ከእነርሱ በፊት ጣቢያው ለአስርተ ዓመታት ያበርር የነበረው ትራንሳል የሚባለውን ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መንዝ ሲያስተምሩ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ያለ ጃንጥላ የስንዴ ጆንያ ስለሚጥል አውሮፕላን ሲያወጉን አድገናል። አጎቴ «የእንግሊዝ ነው» ሲል፣ እርስዎ «ሞተሩን ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት ነው» እያሉ ይከራከሩት ነበር። ሄርኩለስ የተባለው የእንግሊዞቹ አውሮፕላን አራት ሞተር አለው። በዚያው ሥራ የተሰማራው የጀርመኖቹ ትራንሳል ግን ክንፉ ከጀርባው በላይ የተገጠመ ባለ ሁለት ሞተር ነው። አባቴ፣ ክርክሩን ረትተዋል፤ ለአጎቴ እኔው ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ በአጥሩ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ጌርኒካም የእርስዎ ስንዴም አብረው ይመጡብኛል፤ አንዱ ሌላውን አያስረሳኝም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የትራንሳል ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። መነጽርዎን አድርገው ጅራቱን ይመልከቱልኝ፤ የጭነቱ በር የሚከፈተው ከሥሩ ነው። ጆንያዎቹ ሲወርዱ ያዩት ከዚያ በኩል እንደሆነ ለታናሽ እህቴ ነግረው ያጽፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ