በአማርኛ ክፍለ ጊዜ በጋራ ታሪክ ስለ መጻፍ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ተማሪዎች አንድ ገጽ ድርሰት መጻፍ እየተሳናቸው መምጣቱን የሚያነሱ ጽሑፎችን በጋዜጣችሁ ላይ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል አማርኛ መምህር እንደመሆኔ ስሞታው መሠረት የለውም ልል አልችልም። ሆኖም መፍትሔው «ያንብቡ፣ ይጻፉ» ከሚል ምክር አልፎ ስለማያውቅ፣ በክፍሌ ስላስጀመርኩት በኢንተርኔት በጋራ ታሪክ የመጻፍ ጨዋታ፣ በተለይም ስለ አጀማመሩ፣ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ጨዋታው ይህ ነው። በአንድ ቡድን ያሉ ተማሪዎች ሁሉም በሚያዩት የጉግል ዶክስ ሰነድ ላይ አንድ ታሪክ በተራ ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ለሚቀጥለው ይለቃል። ለልጆቻችን በቅብብል መጫወት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንቆቅልሽ «ምን አውቅልሽ» ካልተባለ አይቀጥልም፣ መልሱ የጠፋበትም አገር ይሰጣል፣ እንካ ስላንትያም ያለ ተቀባይ አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ኮምፒውተር ሳንነካ በእነዚህ እጀምራለሁ፤ በሚቀጥለው አንድ ወረቀት በየረድፉ እናዞራለን፤ ወደ ኢንተርኔቱ የምንሻገረው ተራ መጠበቅና የሌላውን ጽሑፍ ማክበር ከገባቸው በኋላ ነው።

ይህ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ጨዋታው ደንብ ከሌለው እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ ከእንግሊዙ ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፈውና የሚያርመው ልብ ወለድ በኢንተርኔት ከፍቶ ነበር። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች ተሳትፈውበት አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲሰርዝ፣ አንድ ተሳታፊ ደግሞ ታሪኩን በሙዝ ሲሞላው፣ ከአምስት ሳምንታት በኋላ ወጥ የሆነ ልብ ወለድ ሳይወጣው ተዘጋ። አዋቂዎች እንዲህ ከሆኑ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ያለ ደንብ ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያዳግትም።

የእኛ ክፍል ደንቦች ሁለት ናቸው፦ ከእናንተ በፊት የተጻፈውን መሰረዝ አይቻልም፤ «ከእንቅልፉ ሲነቃ ለካስ ሕልም ነበር» ብሎ መገላገልም አይቻልም። የመጀመሪያው ደንብ ዋጋ የታየኝ አንድ ቡድን ፒያሳ ስለሚሠራ ሊስትሮ ልጅ መጻፍ በጀመረ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጸሐፊ፣ እንደ ብዙ ወንዶች ልጆች ችኩል ነበርና፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በሚኒባስ አስገጭቶ ገደለው። ተረኛዋ ተማሪ በጣም ተናደደች፤ እንዳጠፋው ፍቀድልኝ አለችኝ፤ ከለከልኳት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል የጻፈችው አንዱ ጫማው የተወለወለ፣ ሌላው አቧራ እንደለበሰ የቀረ ደንበኛ ከሊስትሮው ሣጥን አጠገብ ቆሞ ሒሳቡን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ሲገባው ነው። ታሪኩ ከዚያ በኋላ የልጁን ቤተሰብ የሚፈልገው የዚያ ሰው ታሪክ ሆነ። መሰረዝ ብትችል ኖሮ ይህን ሰው ባላገኘነው ነበር።

ከዚህም ሌላ ለመቀጠል ማንበብ ግድ ይላል። በመጀመሪያው አንቀጽ አለቃውን «እርስዎ» ሲል የነበረ ሠራተኛ በሦስተኛው ያለ ምክንያት «አንተ» ቢለው፣ ስሕተቱን ከእኔ ቀድመው የሚይዙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉ ሳያልቅ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣም፤ የ«ሀ» እና የ«ሐ» ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

በአንድ ለአምስት ቡድን ሥራ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን እንደሚያስጽፉ መምህራን ሁላችንም እናውቃለን። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ አካውንት እስከ ገባ ድረስ ሰነዱ ማን ምን እንደጻፈና መቼ እንደጻፈ ስለሚመዘግብ፣ ይህ ልማድ እዚህ መደበቂያ የለውም። ከቻትጂፒቲ የተገለበጠ አንቀጽም ሙሉውን በአንድ ጊዜ ዱብ ስለሚል ያስታውቃል።

ተማሪዎች ስልክ ይዘው እንዳይገቡ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ እኔም ክልከላውን አልቃወምም፤ ጨዋታው ስልክ አያስፈልገውም። ሰነዱ ለክፍሉ ብቻ የተከፈተ፣ ባለቤቱም መምህሩ ሊሆን ይገባል፤ የልጆች ፎቶግራፍና አድራሻም አይገባበትም። መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቀን በወረቀት ተጽፎ በኋላ ይገለበጣል፤ መተየብ ለሚያስቸግረውም ጓደኛው ይተይብለታል፣ ነገር ግን አንዲት ቃል እንኳ ሳይለውጥ።

የሚያስቸግረው የኮምፒውተር ክፍሉ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ይህ ክፍል ለአይሲቲ ትምህርት ካልሆነ በስተቀር ተቆልፎ ይውላል፤ የአማርኛ መምህር ቁልፉን ሲጠይቅ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ርእሳነ መምህራንና የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች በሚቀጥለው ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጡ፣ ክፍሉ ባዶ ከሚሆንባቸው ሰዓታት ውስጥ በሳምንት አንድ 40 ደቂቃ ለአማርኛ ቢመድቡ ተጨማሪ በጀት አይጠይቃቸውም። ይህንኑ በጋዜጣችሁ በኩል እንድታደርሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የአማርኛ መምህር
ከአዲስ አበባ