ኮምፒውተሩ አላረጀም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ፖሊ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ደንበኞቼ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ዊንዶውስ 10 አበቃለት አሉ፤ ልጣለው?» መልሴ አንድ ነው፤ አይጣልም። ይህን የምጽፈው ግን በተለይ ለመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍሎች ነው። እነሱ የሚጥሉት በጅምላ ነውና።

በዚያ ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ለሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት አፕዴት (ማሻሻያ) አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኢንቴል ከሆነም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. የተገዛ፣ ኮር አይ7 የሆነ፣ 16 ጊጋ ራም ያለው ጤነኛ ማሽን በር ላይ ይመለሳል። ፍጥነት አንሶት አይደለም። ኩባንያው መስመር አስምሮ ነው።

ፍርድ ቤት አካባቢ ጽሕፈት ቤት ያላት አንዲት እህት ዴስክቶፗን ይዛ መጣች። «ሞቷል፤ አዲስ ፈልግልኝ» አለችኝ። ስከፍተው ፋኑ በአቧራና በወረቀት ብናኝ ታፍኗል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። አጸዳሁት፤ ፔስቱን ቀየርኩ፤ በሃርድ ዲስኩ ፋንታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማስቀመጫ ገጠምኩ። አሁን ባለጉዳዩ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ማሽኑ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። እሷ የለመደችው የግዕዝ መጻፊያ ስላለ ዊንዶውሱን አልነካሁባትም። ለተማሪዎች ግን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ፕሮግራም እጭናለሁ። ነጻ ነው፤ አማርኛም ይጻፍበታል፤ አፕዴቱም ያለ ክፍያ ይመጣል።

ማይክሮሶፍት ተጨማሪ አንድ ዓመት፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ፣ አፕዴት የሚገኝበት መንገድ አለ ብሏል። ለግለሰብ 30 ዶላር መክፈል፣ ወይም የኮምፒውተሩን ሴቲንግ በኩባንያው አካውንት ላይ ማስቀመጥ ከመንገዶቹ መካከል ናቸው። በአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራት ተጯጩኸው ሴቲንግ ሳይቀመጥም ያለ ክፍያ አስፈቅደዋል። ለድርጅት ደግሞ በአንድ ማሽን 61 ዶላር፣ በየዓመቱም እጥፍ። እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ። አፕዴቱ ተሠርቷል፤ አለ። የሚከለከለው ዶላር የሌለው መሥሪያ ቤት ነው።

«አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ይበላል» የሚሉኝ አሉ። እውነት አለው። በዋት መለኪያ ሰክቼ አይቻለሁ፤ አሮጌ ዴስክቶፕ ከአዲስ ላፕቶፕ በብዙ ይበልጣል። ነገር ግን የአብዛኛው ላፕቶፕ የካርቦን ብክለት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ገና ሲመረት ነው፤ አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጡት መግለጫ ያምኑታል። የእኛ መብራት ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የሚመነጨው። መብራት ለመቆጠብ ብለን አዲስ ብንገዛ ጭሱን ሌላ አገር አስጭሰን መግዛታችን ነው።

ከውኃ ስለመጣ ግን ዋጋ የለውም አልልም። ጣና ዳር ያደገ ሰው እንዲህ አይልም። ጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ተሠራ፤ ሁለተኛው በ1993 ተከተለ። በ2002 ደግሞ ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ጢስ እሳት ዛሬ በበጋ ሄዶ ያየ ሰው የፏፏቴው ግርማ የት እንደገባ ይገባዋል። ስለዚህ መብራቱን እንቆጥብ። ማታ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ መሄድ፣ ያን ትልቁን የድሮ ሞኒተር በጠፍጣፋ መቀየር፣ ይህ በእጃችን ያለ ነገር ነው። (ቢትኮይን የተባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ ለሚያመርቱ ማሽኖች ኃይል የምትሸጥ አገር የጸሐፊዋን ዴስክቶፕ መብራት በላ ብላ ስትወቅስ መስማት ግን አይዋጥልኝም።)

በቅርቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ነበርኩ። ኮምፒውተሮቹ ከተሰባበረ ወንበርና ካለቀ ጎማ ጋር በአንድ ሎት ተቆልለዋል። አንዱን ጎኑን ከፈት አድርጌ አየሁት፤ ሃርድ ዲስኩ እንኳ አልተነቀለም። የስንት ባለጉዳይ ማመልከቻ በውስጡ እንዳለ ማን ያውቃል? ያሸነፈው ነጋዴ የሚፈልገው ብረቱንና መዳቡን ነበር። ሽቦው ሜዳ ላይ ሲቃጠል ጭሱን የሚተነፍሰው የሰፈር ልጅ ነው፤ የተረፈው ፕላስቲክም ክረምት ሲገባ በቦዩ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እምቦጭ ያስጨነቀው ሐይቅ ይህም ተጨምሮለት ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ንብረት ክፍሎች «አገልግሎት የማይሰጥ» ብለው ከመፈረማቸው በፊት ማሽኑን ባለሙያ ከፍቶ ይየው። ዲስኩ ይጽዳ። የሚሠራው ሊኑክስ ተጭኖበት በዙሪያችን ላሉ ኮምፒውተር ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ይሰጥ። የመጫኑን ሥራ እኔና የሙያ ጓደኞቼ ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኞች ነን፤ የሚጠራን መሥሪያ ቤት ብቻ ይገኝ።

ከአክብሮት ጋር
ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ባሕር ዳር